የዘንድሮው ጉዞ፦ የተራራ ዚፕላይን ረቂቅ ዕቅድ (አስተያየት እስከ ዓርብ ብቻ)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ዓላማው ባለፈው ስብሰባ የተባለው ነው፤ የጠፉትን አባላት መመለስ። ጉዞው ደርሶ መልስ የአንድ ቀን ነው። ተራራው ላይ አምስት የዚፕላይን መስመር አለ፤ በተዘረጋ የብረት ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ መውረድ ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ቡድን ጋር ሁለት አስጎብኚ ይሄዳል፤ አንዱ ያስነሳል፣ አንዱ ማዶ ሆኖ ይቀበላል። ከአሥር ሰው በላይ በአንድ ቡድን አይወስዱም። ስለዚህ ሦስት ቡድን እንሆናለን። ግማሹን ወጪ ማህበሩ ይሸፍናል። ሠንጠረዡ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ ክብደትና የጤና ሁኔታ ሙሉ።

ገንዘብ ያዥ፦ ግማሹን ማን ፈቀደ? ካዝናው ውስጥ ያለው ከጀልባው የተረፈው ነው። ያንን ታሪክ እንደገና አልከፍተውም። ቀብድ ከመውጣቱ በፊት አንድ ነገር ይጣራ። መብረቅ ወይም ኃይለኛ ነፋስ ካለ ይዘጋሉ። ያኔ ብሩ ይመለሳል ወይስ ቀን ይቀየርልናል? በጽሑፍ እፈልጋለሁ።

ባለ ካሜራ፦ እኔ ነገ ደውዬ አጣራለሁ። ለእኔ ተዉት።

ነባሩ፦ ክብደት ለምን አስፈለገ?

ጸሐፊ፦ የጠየቁት አስጎብኚዎቹ ናቸው ጋሼ።

ነባሩ፦ እነሱ ይጠይቁ። አባል ሁሉ በሚያየው ሠንጠረዥ ላይ ግን ኪሎዬን አልጽፍም። የቅርጫ በሬ ነኝ እንዴ?

ደጋዋ፦ ጋሼ እውነታቸውን ነው። እኔም ያንን ሳጥን ባዶ ነው የተውኩት።

ንስር፦ ጋሼ፣ ነገሩ ለወሬ አይደለም። ዚፕላይን ሞተር የለውም። ከላይ ወደ ታች በተዘረጋ የብረት ገመድ ላይ፣ በፑሊ (ገመዱ ላይ በሚንከባለል ጎማ) ተንጠልጥለው የሚወርዱት በገዛ ክብደትዎ ነው። ከባድ ሰው ይፈጥናል፤ ፍሬኑ ደግሞ የሚችለው ልክ አለው። ቀላል ሰው ይዘገያል። ነፋስ ከፊት ከመጣበት ማዶ ሳይደርስ መሃል ላይ ይቆማል። እኔ ቆሜ አውቃለሁ። ጀርባዬን ለመድረሻው ሰጥቼ፣ ገመዱን በሁለት እጄ እየተፈራረቅሁ ስቤ ነው የደረስኩት። ታች ደን ነው፣ ጓንቱ ቅባት በቅባት ሆኗል፣ ክንድ ይዝላል። ያልቻለውን አስጎብኚው መጥቶ ይጎትተዋል። ሌላም ነገር አለ። እጅ ገመዱን የሚነካው ከፑሊው በስተኋላ ብቻ ነው። ከፊት ካስቀደሙት ፑሊው ጣት ላይ ይወጣል። ብዙ ቦታ ከ30 ኪሎ በታችና ከ120 ኪሎ በላይ አይቀበሉም፤ ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሳያውቁ ማን ያስነሳዎታል?

ነባሩ፦ ፊዚክስ ማን ጠየቀህ? ማን ያየዋል ነው ያልኩት።

ሦስተኛ ረድፍ፦ አንድ ሐሳብ። ቁጥር ከምንጽፍ "በታች"፣ "መካከል"፣ "በላይ" ብለን ምልክት እናድርግ።

ደጋዋ፦ "በላይ" ላይ ምልክት የሚያደርገው ማን ነው? አንተ ትጀምራለህ?

ሦስተኛ ረድፍ፦ ሐሳብ ነው ያቀረብኩት፣ ምነው?

ባለ ካሜራ፦ እዚያም እኮ ሚዛን አለ። ሃርነስ (ሰውነት የሚይዘውን ቀበቶ) ከመታጠቃችን በፊት ይመዝኑናል። አሁን ብንደብቀው ምን ዋጋ አለው?

ነባሩ፦ በሰው ፊት?

ባለ ካሜራ፦ ተሰልፈን መሰለኝ።

ነባሩ፦ ተሰልፈን!

ገንዘብ ያዥ፦ ኩራቱን ለጊዜው ተዉት። እዚያ ተመዝኖ የተመለሰ ሰው ክፍያው ይመለሳል? የማይመለስ ከሆነ ግማሹ የማህበሩ ነው። አንድ ሰው ኪሎውን ስላፈረ ካዝናው አይቀጣም። ክብደቱን ያልሞላ ማህበሩ አይከፍልለትም። በቃ።

ደጋዋ፦ ማስፈራሪያ ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ ሂሳብ ነው።

ነባሩ፦ ይሄ ማህበር ወንበር ሳይኖረው ጀምሮ መዋጮ የከፈልኩ ሰው ነኝ። ትናንት የመጣ ልጅ ስለ ፍሬን ያስተምረኛል፣ አንቺ ደግሞ በካዝና ታስፈራሪኛለሽ።

ንስር፦ የመዋጮው ነገር ከተነሳ ኦዲተሩ ይጠየቅ ጋሼ። የሁለት ዓመቱን ማለቴ ነው።

ነባሩ፦ ምን አልክ?

ጸሐፊ፦ እዚህ ላይ ይብቃ። መዋጮ የዛሬ አጀንዳ አይደለም። ስለዚህ የሚጻፈውን ቀጣይ መልእክት አጠፋዋለሁ።

ሦስተኛ ረድፍ፦ እኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የሚወረደው አንድ በአንድ ነው። ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ብንይዝ አሥር ሰው 20 ደቂቃ ይፈጃል። በአምስት መስመር 100 ደቂቃ ማለት ነው። ሁለቱ አስጎብኚዎች ለሦስቱም ቡድን እየተመላለሱ ከሆነ ሦስተኛው ቡድን ከሦስት ሰዓት በላይ ቆሞ ይጠብቃል። ይሄ ታስቦበታል?

ደጋዋ፦ ክብደት ከቡድን በፊት ነው ወይስ ከቡድን በኋላ የሚጠየቀው?

ሦስተኛ ረድፍ፦ ኧረ እኔ የጠየቅኩትን መልሱ።

ባለ ካሜራ፦ ለማነቃቂያ ያህል፦ ኤምሬትስ ውስጥ ራስ አል ኬይማ፣ ጀበል ጄይስ ተራራ ላይ በ2018 እ.ኤ.አ. የተከፈተው መስመር 2.83 ኪሎ ሜትር ነው። ያኔ የዓለም ረጅሙ ዚፕላይን ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ቪዲዮውን እዩትማ።

ገንዘብ ያዥ፦ ደወልክ?

ገደል ፈሪ፦ እኔ ከፍታ አልችልም፤ የግማሹን መዋጮ ግን እከፍላለሁ ማለት ነው? መድረኩ ላይ ቆሜ ለሌላው ላጨብጭብ?

ጸሐፊ፦ ለማይወርድ ሰው ከመስመሮቹ ሥር የእግር መንገድ አለ። ጫካውን አቋርጦ መጨረሻው መድረክ ላይ ይገናኛል። እሱም ከአስጎብኚ ጋር ነው።

ገደል ፈሪ፦ የእግር መንገዱ ኪሎ ይጠይቃል?

ጸሐፊ፦ አይጠይቅም።

ነባሩ፦ እንዲህ አትይም ነበር ከመጀመሪያው? እኔን እግር ላይ ጻፊኝ።

ደጋዋ፦ እኔንም።

ገደል ፈሪ፦ +1

ንስር፦ ይሄ የዚፕላይን ጉዞ ነበር እኮ።

ገንዘብ ያዥ፦ የእግሩ ዋጋ ስንት ነው? እጅግ የሚያንስ ከሆነ ማህበሩ ሙሉውን ሊችል ይችላል። ገመዱን የፈለገ በራሱ ኪስ።

ንስር፦ ስለዚህ ወጣቱ ይክፈል፣ ነባሩ በነፃ ይሂድ? የጠፉት አባላት አብዛኞቹ የኛ ዕድሜ ናቸው። የሚመለሱት ለገመዱ ነው እንጂ ለእግር ጉዞ ማን ይመለሳል?

ደጋዋ፦ እነሱን ማን ጠየቃቸው?

ንስር፦ ሠንጠረዡን ላክሁላቸው። ሁለቱ ክብደት የሚለውን አይተው ሳቁ። መልስ አልሰጡም።

ነባሩ፦ ለመሆኑ መነጽር ያስወልቃሉ?

ንስር፦ አያስወልቁም ጋሼ። በክር ከአንገት ጋር ይታሰራል። ስልክ ግን ኪስ ውስጥ አይቀመጥም፤ ቁልቁል ስንት ስልክ እንደቀረ አይጠይቁኝ። ጫማ ሽፍን መሆን አለበት። ረጅም ጸጉር ሄልሜቱ ሥር ይጠቀለላል፤ ፑሊው ውስጥ ከገባ አይለቅም። የልብ ሕመም፣ የጀርባ ችግር ወይም የቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ካለ ግን ይቅርብዎት።

ነባሩ፦ ጀርባዬ ደህና ነው። እንዲያው ለማወቅ ነው።

ንስር፦ የመጀመሪያዋ መስመር አጭር ናት። መለማመጃ ናት። እስዋ ላይ የፈራ ሰው ከዚያው በእግሩ መመለስ ይችላል። ከሦስተኛዋ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ መመለሻ የለም።

ነባሩ፦ እናያለን።

ገንዘብ ያዥ፦ የስረዛው ጥያቄ እስካሁን አልተመለሰም። ባለ ካሜራ የት ሄደ? መልእክቱን ካነበበ ቆይቷል።

ሦስተኛ ረድፍ፦ የእኔም ጥያቄ አልተመለሰም።

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው ረቂቅ፦ ዋናው ፕሮግራም የእግር ጉዞ ነው፤ ሙሉ ወጪው የማህበሩ። ዚፕላይን ለፈለገ በራሱ ክፍያ። ክብደቱን አባሉ ራሱ በስልክ ለአስጎብኚዎቹ ይናገራል፤ እኛ ጋ አይጻፍም። ሳጥኑን ከሠንጠረዡ አውጥቻለሁ። የኃላፊነት ፎርሙን እዚያው እንፈርማለን።

ንስር፦ "የጠፉትን መመለስ" የሚለው ዓላማ ከረቂቁ ወጥቷል።

ጸሐፊ፦ አጭር ይሁን ብዬ ነው።

ደጋዋ፦ አውቶቡሱ ስንት ወንበር አለው? እኔ ከፊት ካልሆነ ያጥወለውለኛል።

ገደል ፈሪ፦ እኔም ከፊት።

ነባሩ፦ የፊት ወንበር በዕድሜ ነው መሰለኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ዛሬ ዓርብ ነው። የማወጣው ቀብድ የአውቶቡሱን ነው ወይስ የገመዱን?

ጸሐፊ፦ ለጊዜው የአውቶቡሱን።