የድርጅታችንን የሠራተኛ ዜና ሹፌሮቹ አያነቡትም፣ ምን ባወጣ ነው ሚያነቡት?

ጥያቄ፦ ከአስተዳደር ክፍል

ሰላም ቤተሰብ፣ የጭነት ትራንስፖርት ውስጥ ያላችሁ እስቲ አንድ ነገር አማክሩኝ። ምሰራው መካከለኛ የጭነት ድርጅት ውስጥ ነው፣ መኪኖቻችን ሩቅ አይሄዱም ክልሉ ውስጥ ነው ሚመላለሱት፣ ግን እንደዛም ሆኖ ሹፌሩ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ግቢ ብቅ ይላል እንጂ ቀሪው ጊዜው መንገድ ላይ ነው። ስራ አስኪያጁ ጠርቶ የሠራተኛና የድርጅት ዜና በየወሩ አዘጋጂ አለኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነው የጀመርኩት። አዲስ የተቀጠረ፣ እድገት ያገኘ፣ ጡረታ የወጣ፣ አዲስ የገቡ መኪኖች፣ የስራ አስኪያጁ መልዕክት፣ ፎቶ ምናምን አድርጌ በፒዲኤፍ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ እለጥፋለሁ፣ አትሜ ደሞ ስምሪት ክፍል በር ላይ እሰቅላለሁ።

ማንም አይከፍተውም። ግሩፑን ግማሹ ሰው ድምፁን አጥፍቶታል መሰለኝ። ሚገርመው ግን እኔ ያልጻፍኩትን ዜና ሁሉም ያውቀዋል፣ ማን ሊለቅ እንደሆነ፣ የትኛው ደንበኛ ኮንትራት ሊያቋርጥ እንደሆነ፣ አንዳንዴ እንደውም እኔ ራሴ ከነሱ ነው ምሰማው። አሁን ስራ አስኪያጁ ሰው ማንበብ አይወድም ብሎ ሊያስቆመው ነው፣ እኔ ግን ችግሩ የሰዉ አልመሰለኝም። ሹፌሮች፣ ስምሪት ላይ የሰራችሁ፣ ምን ቢወጣ ነው ምታነቡት? እውነቱን ንገሩኝ አልቀየምም።

መልስ፦ ባለተሳቢው

አልቀየምም ካልሽ እንግዲህ እህቴ ስሚኝ። የኛም ድርጅት እንዳንቺው ያወጣል፣ ስከፍተው መጀመሪያ ሚመጣው ምንድነው፣ ውድ ሠራተኞቻችን ሚል የአለቃ ደብዳቤ። በስልክ ስክሪን ላይ ፊደሉ ጉንዳን ያክላል፣ በጣቴ እየጎተትኩ እያሰፋሁ የሱን ምኞት እስካነብ እረፍቴ አለቀ ማለት ነው። ዘጋዋለሁ በቃ።

እኔ ምፈልገው ነገ ጉዞዬን ሚነካውን ነው። የትኛው ደንበኛ ማራገፊያ ሰዓቱን ቀየረ፣ የትኛው በር ነው ሚያስገባው፣ ያለ ሄልሜትና ያለ ሴፍቲ ጫማ ግቢ አናስገባም ያለው ማነው፣ አበል መቼ ነው ሚገባው፣ ማታ ስምሪት ላይ ማን ነው ሚያድረው ስልኩስ ስንት ነው። አዲስ የስምሪት ሠራተኛ ተቀጠረ ብላችሁ ከነዲግሪው ትለጥፉታላችሁ፣ ዲግሪው ለኔ ምን ያደርግልኛል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጎማ ፈንድቶብኝ ስደውል ሚያነሳው እሱ መሆኑን ነው ማወቅ ያለብኝ።

አንዴ አንድ ደንበኛ ከእንግዲህ በቀጠሮ ብቻ ነው ምናራግፈው ብሎ ለቢሮ ጽፏል አሉ። ቢሮ ያውቃል። እኔ ጭኜ ሄድኩ፣ ቀጠሮ የለህም ተባልኩ፣ ሙሉ ቀን በር ላይ ቆሜ ዋልኩ፣ በኋላ ግቢ ስመለስ ለካ ተጽፏል፣ የት መሰለሽ፣ አራተኛው ገጽ ላይ ከስብሰባ ፎቶ ስር። ቆሞ የዋለ መኪና ለድርጅቱም ኪሳራ ነው እኮ፣ በምልልስ ምንከፈለው ሰዎች ደሞ ያ ቀን ከኪሳችን ነው ሚወጣው። ታዲያ ማን ያንብብልሽ።

መልስ፦ ስምሪት የነበርኩ

ባለተሳቢው ያለው ትክክል ነው ግን ሁለት ነገር ተቀላቅሎብሻል ብዬ ነው ማስበው። ዛሬውኑ መድረስ ያለበት ነገር አለ፣ በወር አንዴ ቢደርስም ማይጎዳ ነገር አለ። የመንገድ መዘጋት፣ የደንበኛ ሰዓት፣ የሚዛን ነገር፣ የሰነድ ለውጥ፣ እነዚህ ወር አይጠብቁም፣ ለብቻቸው አድሚን ብቻ ሚለጥፍበት ቻናል ክፈቺላቸው። ግሩፑ ላይ ከለጠፍሽው ከስሩ እንደምን አደራችሁና ስቲከር እየተደረደረ በግማሽ ሰዓት ይቀበራል። ሰው ድምፁን ሚያጠፋው በመልዕክትሽ ተናዶ አይደለም፣ በስቲከሩ ነው።

ሌላው ሰዓቱ። ሹፌር እየነዳ እያለ መልዕክት አትላኪ፣ ከላክሽም መልስ አትጠብቂ። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሚሄድ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል፣ አምስት ሰከንድ ስልክ ካየ ከ100 ሜትር በላይ ጭኖ በጭፍን ነዳ ማለት ነው። አይቷል አላየም እያሉ በየደቂቃው ሚደውሉ አለቆች አሉ፣ አደጋ የሚጠሩት እነሱ ናቸው። አውሮፓ ውስጥ 4 ሰዓት ተኩል የነዳ ሹፌር 45 ደቂቃ ማረፍ የህግ ግዴታው ነው፣ ያንቺ አገር ህግ ምንም ይበል ምን ሰዎችሽ መቼ መቼ እንደሚቆሙ ስምሪት ያውቃል ጠይቂው፣ ጠዋት ሳይነሱ በፊት ከሆነ ደሞ ከሁሉም ይሻላል። ፒዲኤፉን ተይው። አጭር ጽሁፍ፣ ወይ የሁለት ደቂቃ ቮይስ፣ ማንበብ ሚከብደው ሰው ይኖራል በዛ ላይ ቮይስ ሲመጣ ሁሉም ይከፍታል።

አንድ ነገር ደሞ እለምንሻለሁ፣ ማን ብዙ ነዳጅ አቃጠለ ሚል ሰንጠረዥ ከነስም እንዳታወጪ። እኔ ባለሁበት ተደርጎ አይቻለሁ። አንዱ ዳገት ሙሉ ጭኖ ይወጣል፣ አንዱ ሜዳውን ባዶ ይመለሳል፣ የአንዱ ጎማ ንፋሱ ጎድሏል ጋራዥ አላየለትም፣ ሁሉንም በአንድ ዝርዝር ደርድረው የመጨረሻውን ሰው ቀይ ቀለም ቀቡት። ያ ሰውዬ ጥሩ ሹፌር ነበር፣ ወር ሳይሞላው ለቀቀ። ነዳጅ ይቆጠብ ከተባለ ከያንዳንዱ ጋር ለብቻ ይነጋገሩ።

መልስ፦ ጋራዥ ነኝ

ስለኛ ደሞ ማንም አያወራም ሀሀ። በድርጅቱ ዜና ላይ ሁሌ ሹፌርና ቢሮ ነው፣ ከመኪና ስር ተኝቶ ሚያድረውን ሰው ማን ፎቶ ያነሳዋል።

ቁም ነገሩን ልንገርሽ፣ አዲስ መኪና ገባ ስትሉ ሪባን ሲቆረጥ ነው ምታሳዩት። ለሹፌሩ ሚጠቅመው ሌላ ነው። ዩሮ 6 ሚባለው፣ ጭሱ እንዲቀንስ የተሰራ ሞተር ያለው መኪና ሲመጣ አድብሉ ሚባል ጭሱን ሚያጸዳ ፈሳሽ ይፈልጋል፣ ታንከሩ ለብቻው ነው ክዳኑ ሰማያዊ ነው። ካለቀ ሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ በስህተት ናፍጣ ታንከር ውስጥ ከተጨመረ ደሞ ሞተሩን ሳታስነሳ ጥራን ነው፣ ከተነሳ የነዳጅ መስመሩን በሙሉ ይዞ ነው ሚሄደው። የጭሱ ማጣሪያ ውስጡ የተጠራቀመውን ጥቀርሻ ሲያቃጥል መብራት ያበራል፣ ጭስ ማውጫው በጣም ስለሚግል ደረቅ ሳር ላይ አታቁም ማለት አለባችሁ። ይሄን ሁሉ ሻጩ ለቢሮ ሰው አስረድቶ ሄደ፣ ሹፌሩ ጋ ግን አልደረሰም። ጎማ የተቀየረለት ሰው ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ቆሞ ብሎኑን በድጋሚ ማስጠበቅ እንዳለበት እንኳን ሁሉም አያውቅም እኮ። በወር አንድ እንዲህ አይነት ነገር ከጋራዥ ጠይቀሽ አውጪ፣ ማን እንደነገረሽም ስሙን ጻፊለት፣ ከዛ በኋላ ጋራዡ በሙሉ ያንቺ አንባቢ ነው።

መልስ፦ ሰው ሀይል ላይ ያለሁ

እኔ ትንሽ ልቃወም። ሁላችሁም የሰው ዜና አትጻፊ እያላችሁ ነው ሚመስለው፣ አትስሚያቸው። ካቢን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ሚውል ሰው አብሮት የሚሰራውን በስምና በታርጋ ብቻ ነው ሚያውቀው፣ ማን ልጅ እንደወለደ ማን ጡረታ እንደወጣ መስማት ይፈልጋል። ችግሩ አጻጻፉ ነው። ለ30 ዓመት የነዳ ሰው ጡረታ ሲወጣ በታታሪነት አገልግሏል ብሎ ሁለት መስመር ምንድነው? ቁጭ ብለሽ አናግሪው፣ የመጀመሪያ መኪናው ምን ነበር፣ የትኛው መንገድ ነው ሚያስቸግረው የነበረ፣ ለጀማሪ ምን ይላል። እሱን ሁሉም ያነበዋል፣ ቤተሰቡም ያነበዋል።

ግን ፈቃድ ጠይቂ። የታመመ ሰው፣ አደጋ የደረሰበት ሰው፣ ቤቱ ችግር የገባበት ሰው፣ ራሱ እሺ ሳይልሽ አንዲት መስመር አትጻፊ፣ ለእርዳታ ማሰባሰቢያም ቢሆን።

የወሬው ነገር ደሞ መነሻው ክፉ ዜና መደበቁ ነው። ኮንትራት ሲቋረጥ ሹፌሩ ከማንም በፊት ያውቃል፣ ምክንያቱም የደንበኛው መጋዘን ጥበቃ ነግሮታል፣ የሌላ ድርጅት መኪና በሱ ቦታ ሲጭን አይቷል። እናንተ ዝም ስትሉ እሱ ልክ እንደሆነና እንደምትደብቁ ነው ሚገባው። ስራ አስኪያጅሽ ስራው መቀነሱን፣ የማን መኪና እንደሚነካ፣ ያልተወሰነው ካለ መቼ እንደሚነገር በራሱ ድምፅ ይናገር። ይሄን ከፈራ ዜናውን ማቆሙ ይሻለዋል፣ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ሚያወራ ዜና ክፉውን ቀን ማንም አያምነውም።

ጠያቂዋ፦

ኧረ እግዜር ይስጣችሁ፣ እንዲህ ትጽፋላችሁ ብዬ አልጠበኩም። ፒዲኤፉን ዛሬውኑ ቀበርኩት። ቻናሉን ለብቻ አደርጋለሁ፣ ጋራዥ ደሞ ነገ እወርዳለሁ። የስራ አስኪያጁን ነገር ግን እንጃ፣ ቮይስ ቅዳ ስለው ጽሁፍ አዘጋጂልኝና ላንብበው ነው ሚለኝ፣ እሱ ደሞ ያው ደብዳቤው ነው በድምፅ።

አንድ የቀረችኝ፣ የስምሪት ኃላፊያችን ሊለቅ ነው፣ በጸብ ነው ሚለቀው፣ ሁሉም ያውቃል። ምን ብዬ ነው ምጽፈው? በራሱ ፈቃድ ልበል?

መልስ፦ ባለተሳቢው

እሱን አትበዪ ይስቁብሻል። የመጨረሻ ቀኑ መቼ እንደሆነ፣ ማን እንደሚተካው፣ የተተኪው ስልክ፣ የተጀመሩ የአበል ሂሳቦችን ማን እንደሚጨርስ። በተለይ አበሉን። ጸቡን ለኛ ተይልን ሀሀ እሱን ያለ ዜናም እንጨርሰዋለን።