ለፀሐይ ማዕበል ምን ልግዛ? ሶላር፣ ፓወር ባንክ ወይስ ጄኔሬተር

ከባድ የፀሐይ ማዕበል (ፀሐይ ላይ ፍንዳታ ሲፈጠር ወደ ምድር የሚወረወረው የጋዝና የመግነጢስ ጎርፍ) ቢመጣ ስልኬ ይቃጠላል ወይ ለምትሉ፦ አይቃጠልም። ማዕበሉ የሚያጠቃው ረጅም ሽቦን ነው። በመቶዎች ኪሎ ሜትር በተዘረጋ የከፍተኛ ኃይል መስመር ውስጥ ያልተፈለገ ከረንት ይገባና ትራንስፎርመሮችን ያውካል። በ1989 እ.ኤ.አ. ካናዳ ኩቤክ ውስጥ 6 ሚሊዮን ያህል ሰው ለ9 ሰዓት ጨለማ የዋጠው በዚህ ነው። ስለዚህ ስልክ ይጋርዳል ለሚባል ቦርሳ ብር አታውጡ።

የእኔ ምርጫ ባትሪ ያለው ትንሽ ሶላር ነው። ፓወር ባንክ ለአንድ ሁለት ቀን ግሩም ነው፣ ግን ካለቀ አለቀ። ጄኔሬተር ቤንዚን ይፈልጋል፣ የማደያው ፓምፕም የሚሠራው በመብራት ነው፣ ኮንዶሚኒየም ላይማ ጩኸቱ ከጎረቤት ያጣላል። መርካቶ ሶላር ስትገዙ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አትመኑ። ፓኔሉን ሱቁ በር ላይ አውጥታችሁ ፀሐይ አስመቱት፤ የቻርጅ መብራቷ ትበራለች? በእጃችሁ ስትጋርዱትስ ትጠፋለች? ከጀርባው የተለጠፈውን ዋትም አንብቡ። ጣሪያ ላይ ትልቁን የምታስገጥሙ ደግሞ «መብራት ሲጠፋ ይሠራል ወይ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ምክንያቱም ባትሪ የሌለውና ከመብራት ኃይል መስመር ጋር ብቻ የሚሄደው ዓይነት መስመሩ ሲቋረጥ አብሮ ይቆማል።

ስታብላይዘር ማዕበሉን አያስቆምም። መብራት ሄድ መጣ ሲል ግን ለፍሪጅ ይጠቅማል። ሶኬት መንቀል ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፣ በነፃ ነው።

ሬዲዮ በድንጋይ የሚሠራ፣ ኤፍ ኤም ያለው ይሁን። በአጭር ሞገድ ብቻ አትተማመኑ፤ የፀሐይ ፍንዳታው ጨረር በ8 ደቂቃ ደርሶ ቀን በሆነበት የምድር ክፍል አጭር ሞገድን ያፍናል።

ኩቤክ ወደ ሰሜን ዋልታ ስለምትቀርብ እኛ ጋ የመስመር ጉዳቱ ያን ያህል ላይከብድ ይችላል። ጂፒኤስ (ስልካችሁ ያላችሁበትን ቦታ ከሳተላይት የሚያውቅበት) ግን ሌላ ነገር ነው። አዲስ አበባ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ (ከሁለቱ መግነጢሳዊ ዋልታዎች መሃል ያለው መስመር) አጠገብ ስለሆነች የሳተላይቱ ምልክት የሚያልፍበት ከላያችን ያለው የአየር ንብርብር ድሮም ይረበሻል፣ በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ። አድራሻ በካርታ አፕ ብቻ የምትፈልጉ ሰፈሩንና ምልክቱን ወረቀት ላይ ጻፉት።

ጥሬ ብርም ያዙ፣ ዝርዝሩን በተለይ። ቴሌብርም የባንክ አፕም ያለ ኔትወርክ አይሠሩም፣ «ሲስተም የለም» የምትለዋን ደግሞ ሁላችንም እናውቃታለን።

ዋናው ማዕበል ከፀሐይ ተነስቶ ምድር እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ይወስድበታል፤ በ1859 እ.ኤ.አ. የመጣው ከባዱ ማዕበል ግን 17 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የፈጀበት። ማስጠንቀቂያ እንደሰማችሁ ያለውን ባትሪ ሁሉ ቻርጅ አድርጉ። ፎቅ ላይ ያላችሁ ጀሪካን ሙሉ፣ ውሃው የሚወጣው በፓምፕ ነውና።