ሻጩ ውጭ አገር ነው፣ ወንድሙ በውክልና ይሸጣል፤ ካርታውና አጥሩም አይገጥሙም። ምን ላጣራ?

ቤት ፈላጊዋ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ልንገዛ ነው። ነባር ይዞታ ነው (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ)፣ ሊዝ፣ ማለትም ከመንግሥት በክፍያ ለተወሰነ ዘመን የሚያዝ ቦታ ግዴታ፣ የለበትም። ካርታው በአንድ ሰው ስም ነው፤ ሰውየው ግን የሚኖረው ውጭ አገር ነው። የሚሸጥልን ታናሽ ወንድሙ ነው። ውክልና አለኝ ብሎ ኮፒውን አሳይቶናል። "ንብረቴን በሙሉ እንዲያስተዳድርልኝ" ይላል።

ባለቤቴ ግቢውን በሜትር ለካው። ካርታው 175 ካሬ ይላል፣ አጥሩ ውስጥ ያለው ግን 210 ነው። ትርፉ ከኋላ በኩል ነው፣ ሰርቪሶቹ የተሠሩት እዚያ ላይ ነው። ወንድምየው "ከጥንትም የኛው ነው፣ ማንም ጠይቆን አያውቅም" ይላል። ዋጋው የተሰላውም በ210 ነው።

ደላላው ነገ ቀብድ ካልከፈላችሁ ሌላ ገዢ አለ እያለ ወጥሮ ይዞናል። የቀብዱን ወረቀት እሱ ቢሮ እንፈራረምና ዋናውን ውል በኋላ ውልና ማስረጃ ሄደን እንጨርሳለን ተባልን። ገንዘቡ የስንት ዓመት ቁጠባችን ነው። እባካችሁ የምታውቁ ምከሩን።

ጡረተኛው የይዞታ ሠራተኛ

ልጄ፣ ነገ ምንም አትክፈሉ። ሌላ ገዢ ካለ ይግዛ።

እኔ ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት ይዞታ አስተዳደር ውስጥ ነው። ስም ለማዛወር መጥተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ሰዎችን ፊት አልረሳም። አብዛኞቹ እንዳንቺው ኮፒ አይተው የከፈሉ ናቸው።

የነገርሽኝ ውክልና ቤት አይሸጥም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። ቤቱን ያከራያል፣ ያሳድሳል፣ ግብር ይከፍላል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ግን አንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። "ቤቴን እንዲሸጥ፣ ውል እንዲፈርም፣ ስም እንዲያዛውር" የሚል በግልጽ ተጽፎ ማየት አለባችሁ። ውጭ አገር የተሰጠ ከሆነ በኤምባሲ ተረጋግጦ፣ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አልፎ፣ ውልና ማስረጃ የተመዘገበውን ዋናውን ጠይቁ። ደግሞም ውክልና ይሻራል። ሰጪው ከሞተም በመደበኛው አብሮት ያበቃል። ስለዚህ አለመሻሩን አጣሩ፣ ከዚያ ሰውየውን በቪዲዮ ደውላችሁ አነጋግሩት። ልሸጥ ነው የሚለውን ከራሱ አንደበት ስሙ። ወንድምየው ይህን ቅር ካለው፣ ቅር ያለበትን ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋችኋል።

አሁን ክፍለ ከተማው ወዳለው የቤቱ ማህደር። ካርታ ፎቶ ኮፒ ላይ ሁልጊዜ ንጹህ ነው። ማህደሩን ስትከፍቺ ግን ከካርታውና ከሳይት ፕላኑ ኋላ ደብዳቤዎች አሉ። የባንክ መያዣ፣ የፍርድ ቤት እግድ፣ የወራሾች አቤቱታ። አንድ ገጽ የማትሞላ የእግድ ደብዳቤ ሽያጩን ቀጥ አድርጋ ታቆመዋለች። ባለይዞታው ወይም ትክክለኛ ተወካዩ ክፍለ ከተማው ሄዶ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን በጽሑፍ ያስመጣ። ቀኑን እዩ፣ የቆየ ወረቀት አትቀበሉ።

ስለ 35ቱ ካሬ ብዙ ልበል፣ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሏል። የናንተ የሚሆነው ቤቱ ነው፤ መሬቱን የምትይዙት በካርታው ልክ ነው። ከካርታው ውጭ ያለውን ወንድምየው ሊሸጥላችሁ አይችልም፣ የሱ አይደለማ። "ማንም ጠይቆን አያውቅም" ማለት እስካሁን ለካዳስተር፣ ማለትም ይዞታን ለክቶ ለመመዝገብ፣ የለካ የለም ማለት ነው። ይዞታ እየተለካ ሲመዘገብ የናንተ አጥር ከካርታው ጋር ይነጻጸራል። ያን ቀን ሰርቪሶቹ ጥያቄ ይነሳባቸዋል፣ ከፊቱ የምትቆሙት ደግሞ እናንተ ናችሁ እንጂ እሱ አይደለም። አካባቢው ለልማት ቢፈለግም ካሳ የሚታሰበው ሕጋዊ ይዞታ ላለው ነው። ከጎረቤቶቹ ጋርም ተነጋገሩ። በተለይ ከኋላ ያለውን ጎረቤት ወሰኑ የት እንደሆነ ጠይቁት።

ጠበቃው

ጋሼ ውክልናውን ጨርሰውታል። እኔ ቀብዱ ላይ ልጨምር።

እህቴ፣ ቀብድ ቀላል ነገር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ ገዢው ሐሳቡን ሲቀይር ቀብዱን ያጣል፣ ሻጩ ሲቀይር እጥፍ ይመልሳል። ለገዢ ጥሩ ይመስላል። ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ወይም በፍርድ ቤት መመዝገብ እንዳለበት አንቀጽ 1723 ይደነግጋል፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን አጥብቆ ወስኗል። የደላላ ቢሮ ወረቀት ይህን አያሟላም። በዚያ ላይ የፈረመው ሰው የመሸጥ ሥልጣን ከሌለው እጥፉን ከማን ትጠይቂያለሽ?

ሌላው፣ ባለካርታው ያገባ ነው? የቤተሰብ ሕጉ በአንቀጽ 63 በአንዱ ስም የተመዘገበ ንብረትም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። የጋራ ቤት ለመሸጥ ደግሞ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ሚስቱ ካልተስማማች ሽያጩ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ልትሄድ ትችላለች። የእሷም ውክልና ይምጣ፣ ወይም ያላገባ ከሆነ ማስረጃው ይቅረብ።

ገዝቶ የገባ

አንድ ነገር አልተነሳም። "ሊዝ የለበትም" ያልሽው ለሻጩ ነው። በሊዝ ሕጉ ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ፣ ተቀባዩ የሚይዘው በሊዝ ነው። ስለዚህ ስሙ ወደናንተ ሲዞር ቦታው ሊዝ ይገባል፤ ለመኖሪያ ዘመኑ እስከ 99 ዓመት ነው። እኔም የገዛሁት ነባር ይዞታ ነበር። ክፍያውን ክፍለ ከተማው ሄጄ ቀድሜ አስልቼ ስለነበር ከሻጩ ጋር የተደራደርኩት እሱን አስቤ ነው። የስም ማዛወሪያውን ወጪ ማን እንደሚከፍልም ውሉ ላይ በግልጽ አጽፉ።

ቤት ፈላጊዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀብዱን አልከፈልንም። ዋናውን ውክልና አምጡ ስንል አመጡት፣ "ለመሸጥ" የሚል በእርግጥም የለበትም። ባለቤትየውን በቪዲዮ አገኘነው፣ መሸጡን ያውቃል። ያገባ ነው። እሱም ሚስቱም ከኤምባሲ አዲስ ውክልና እንልካለን ብለዋል።

ችግሩ 35ቱ ካሬ ላይ ነው። ወንድምየው ዋጋ አልቀንስም አለ። "ከገዛችሁ በኋላ ራሳችሁ በስማችሁ ታስመዘግቡታላችሁ፣ ቀላል ነው" ይላል። ጋሼ፣ እንዲህ ይሆናል?

ጡረተኛው የይዞታ ሠራተኛ

ቀላል ከሆነ እሱ ይጨርሰው። ማመልከቻውን በወንድሙ ስም ያስገባ፣ ይለካ፣ መክፈል ያለበትን ይክፈል። 210 የሚል ካርታ ይዞ ሲመጣ በ210 ትከፍላላችሁ። ዛሬ ካርታው የሚለው 175 ነው፣ ስለዚህ የዛሬው ዋጋ በ175 ይሰላ። በዚህ አልስማማም ካለ ሌላ ቤት እዩ። ከተስማማ ደግሞ ውሉ ላይ የካርታውን ቁጥርና ስፋት እንዳለ አጽፉ። "በአጥር የተከለለው ግቢ በሙሉ" የሚል ሐረግ ካስገቡበት አትፈርሙ፣ አስወጡት። ከፍተኛውን ገንዘብም ስም ዝውውሩ እስኪያልቅ ያዙ፤ የቱ መቼ እንደሚከፈል ጠበቃው ያርቅቅላችሁ።

አዲሱ ውክልና ሲደርስ እዚህ ላይ ጻፊልን፣ ከጎኑ ምን መታየት እንዳለበት እነግርሻለሁ።