የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች? ስለ ዴሞክራሲ ሰባኪ መሪዎች የተደረገ ክርክር

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄ ይኼ ነው። አንድ መሪ በገዛ አገሩ «መብት ረገጥክ፣ ጋዜጠኛ አሳደድክ» እየተባለ፣ ውጭ ወጥቶ ስለ ዴሞክራሲ ቢያስተምር እንስማው ወይስ አንስማው? ነገሩን ያስነሳብኝ የደቡብ ኮሪያ ፕሬዚዳንት የነበረው ዩን ሱክ ዮል ነው። ማርች 2024 ላይ ሦስተኛው የዴሞክራሲ ጉባኤ ሴኡል ውስጥ ሲካሄድ አስተናጋጁ እሱ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 3 ማታ በቴሌቪዥን ብቅ ብሎ ወታደራዊ ሕግ አወጀ። (የምጠራቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው።) በሉ፣ ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ። ስድብ ግን አላስተናግድም።

ነገር ፈላጊ፦
ይኼማ ምን ክርክር ያስፈልገዋል? «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ተብሎ ድሮ ተተርቷል። ሰውዬው ጉባኤውን ሲያስተናግድ እኮ ስሙ ንጹሕ አልነበረም። በ2023 አቃቤ ሕጎች እሱን የሚነካ ዘገባ የሠሩ ጋዜጠኞችን ቤትና ቢሮ ፈትሸዋል። እንግዶቹ ይኼን እያወቁ ነው ሴኡል ገብተው እጁን የጨበጡት። ጉባኤውን የጀመሩት ባይደንስ? የመጀመሪያውን በዲሴምበር 2021 ጠሩ። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 6 ምክር ቤታቸው ተወርሯል። ጉባኤው ሊከፈት ሳምንታት ሲቀሩት ደግሞ ኢንተርናሽናል አይዲያ የተባለው ተቋም አሜሪካን ለመጀመሪያ ጊዜ ዴሞክራሲያቸው ወደ ኋላ ከሚንሸራተት አገሮች ተርታ መደባት። ታዲያ ማን ነው ማንን የሚመክረው?

የታሪክ ተማሪ፦
ቀስ በል ወንድሜ። እስቲ ወደ 1917 ልውሰዳችሁ። ኤፕሪል 2 ቀን ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን ኮንግረሱ ፊት ቆመው «ዓለም ለዴሞክራሲ የተመቸች መሆን አለባት» አሉ። ጦርነት እንዲታወጅ የጠየቁበት ንግግር ነው። ያኔ አብዛኞቹ አሜሪካውያን ሴቶች ፕሬዚዳንት መምረጥ አይችሉም። በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ጥቁርና ነጭ ሠራተኛ የሚለያየው በእሳቸው አስተዳደር ዘመን ብሶ ነበር። ግብዝነት ከፈለግህ ይኸውልህ፣ ሞልቶ ተትረፍርፏል።

ግን ቀጥሎ የሆነውን ተመልከት። ሴቶቹ ከጃንዋሪ ጀምረው ዋይት ሐውስ በር ላይ ባነር ይዘው፣ ቃል ሳይተነፍሱ ይቆሙ ነበር። ጁን ላይ ዛሩን የተካው አዲሱ የሩሲያ መንግሥት መልእክተኞች መጡ። ሴቶቹ ሰፊ ጨርቅ ወጥረው በሩ ላይ ጠበቋቸው። ጽሑፉ በግርድፉ «እኛ የአሜሪካ ሴቶች የምንነግራችሁ አሜሪካ ዴሞክራሲ አለመሆኗን ነው። 20 ሚሊዮን ሴቶች ድምፅ ተነፍገዋል» ይላል። እንግዳ ፊት እኮ ነው! ሰዉ ተናዶ ጨርቁን ቦጫጨቀው። ጥቂት ቀን ቆይቶ እስሩ ተጀመረ። ክሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የእግረኛ መንገድ መዝጋት። (ይኼ ክስ ዛሬም ጡረታ አልወጣም።) ታስረው የረሃብ አድማ ያደረጉትን በቱቦ በግድ መገቧቸው። ኦገስት ላይ ደግሞ «ካይዘር ዊልሰን» የሚል ባነር ይዘው ብቅ አሉ። ፕሬዚዳንቱ የሚዋጉትን የጀርመን ንጉሥ ማዕረግ ለራሳቸው ለጠፉላቸው።

በ1918 ሴፕቴምበር 30 ዊልሰን ሴኔት ድረስ ሄደው የሴቶች የመምረጥ መብት ለጦርነቱ ድል ያስፈልጋል ብለው ተከራከሩ። ሴኔቱ ያኔ እንቢ ቢልም በ1920 ጸደቀ። ሰውዬው ውጭ የለፈፉት ቃል ተከትሏቸው ቤታቸው ገባ። ዝም ቢሉ ኖሮ በምን ይያዙ ነበር?

ጠያቂዋ፦
ቆይ ቆይ። «በምን ይያዙ ነበር» ስትል ሴቶቹ ትግሉን የጀመሩት ከንግግሩ በኋላ አስመሰልከው። ሴኔካ ፎልስ በተባለች የአሜሪካ ከተማ ተሰብስበው ድምፅ የጠየቁት በ1848 ነው። ዊልሰን ያኔ አልተወለዱም። በረሃብና በእስር የተገኘን ነገር ለአንድ ንግግር አታሸክመው። ደግሞ በ1920 ያገኙት ሁሉም ሴቶች አይደሉም። በደቡብ ያሉት ጥቁር ሴቶች አብዛኞቹ እስከ 1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ ድረስ በሰበብ አስባቡ ሲመለሱ ኖረዋል።

የታሪክ ተማሪ፦
እህቴ፣ ንግግሩ ትግሉን ወለደው አላልኩም። መያዣ ሰጣቸው ነው ያልኩት። ባነሮቻቸው ላይ እኮ የራሳቸውን የፕሬዚዳንቱን ቃል እየጻፉ ነበር የሚቆሙት።

ዳር ቋሚ፦
እኔን የሚከነክነኝ የቤታቸው ጉድ አይደለም። ሁሉም ቤት ጉድ አለው። የሚያናድደኝ መራጭነታቸው ነው። ማክሮንን ውሰዱ። ማሊ ላይ ወታደር ሥልጣን ሲይዝ ፓሪስ ቁጣዋን አዘነበች። በኤፕሪል 2021 ግን የቻዱ ፕሬዚዳንት ኢድሪስ ዴቢ ሲሞቱ ማክሮን ንጃሜና ለቀብር ሄደው ከልጃቸው ጋር ጎን ለጎን ታዩ። ልጅየው ሥልጣኑን የያዘው ሕገ መንግሥቱ ተሽሮ፣ በጄኔራሎች ምክር ቤት በኩል ነው። ያኛው መፈንቅለ መንግሥት፣ ይኼኛው «መረጋጋት»።

አዲስ ነገርም አይደለም። የእንግሊዙ ቸርችል በኦገስት 1941 ከአሜሪካው ሩዝቬልት ጋር ሆነው ሕዝቦች ሁሉ የሚተዳደሩበትን መንግሥት የመምረጥ መብት አላቸው ብለው አወጁ። ወሩ ሳይደፍን፣ ለራሳቸው ምክር ቤት ነገሩ በዋነኛነት ናዚ የያዛቸውን የአውሮፓ አገሮች እንደሚመለከት አስረዱ። ቅኝ ግዛታቸው ሕንድ ወደዚያ! ሁሉንም እኩል የሚገስጽ ግብዝ ቢመጣ እኔ እሰማው ነበር።

የሕግ ሰው፦
ልጆች፣ ሁለት ነገር እያምታታችሁ ነው። «ይኼ ሰው ለመናገር የሚበቃ ነው ወይ?» አንድ ጥያቄ ነው። «የተናገረው እውነት ነው ወይ?» ሌላ ነው። ሌባ «እዚያ ቤት ሌባ ገብቷል» ቢል፣ ሌባው እውነት ገብቶ ከሆነ ወሬው ውሸት አይሆንም። «አንተስ?» የሚለው መልስ የሚመቸው ለአምባገነን ነው። ሶቪየቶች በእስረኞቻቸው ጉዳይ ሲጠየቁ «እናንተስ ጥቁሮቻችሁን?» ይሉ ነበር። እስረኛው ግን እዚያው እስር ቤት ነው።

ነገር ፈላጊ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ያ «አንተስ?» ሥራ ሠርቷል እኮ። በዲሴምበር 1952 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በትምህርት ቤት የዘር መለያየት ላይ በተከፈተው የብራውን መዝገብ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጻፈው አስተያየት፣ የዘር መድልዎ ለኮሚኒስት ፕሮፓጋንዳ ስንቅ እየሆነ ነው ብሏል። ፍርድ ቤቱ በ1954 የትምህርት ቤት መለያየትን ሻረ። በ1961 ደግሞ የቻድ አምባሳደር ወደ ዋሽንግተን ሲጓዙ፣ ሜሪላንድ ውስጥ መንገድ 40 ላይ ቡና ሊጠጡ ቢገቡ አናስተናግድም ተባሉ። ኬኔዲ ለአፍሪካ ስለ ነጻነት እያወሩ አምባሳደሩ ቡና ተከለከሉ! የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ተሯሩጦ ምግብ ቤቶቹን መለመን ያዘ። ስለዚህ «አንተስ?» ማለት ነውር አይደለም። ሕሊናቸው ባይሠራ ፉክክራቸው ይሠራል።

የሕግ ሰው፦
ጎበዝ፣ አሁን ከእኔ ጋር ተስማማህ። እነሱን ያሳፈራቸው እኮ ስለ ነጻነት መስበካቸው ነው። ካልሰበኩ ምን ያሳፍራቸዋል?

ነገር ፈላጊ፦
አልተስማማሁም ጋሼ። ያሳፈራቸው ስብከቱ ሳይሆን ሞስኮ ናት። ሞስኮ ባትኖር አምባሳደሩ እስካሁን ቡናቸውን አይጠጡም ነበር።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁም ስለ ተናጋሪው ብቻ ነው የምታወሩት። የታሰረውስ? አርጀንቲና ውስጥ ሃኮቦ ቲመርማን የሚባል የጋዜጣ አሳታሚ ነበር። በ1977 ወታደሮቹ ወስደው አሰቃዩት። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የካርተር መንግሥት አልተወውም። ደጋግሞ ስሙን እየጠራ ወተወተ። በ1979 ተለቀቀ፣ ዜግነቱን ገፈው ከአገር አባረሩት እንጂ ሕይወቱ ተረፈች። እኚሁ ካርተር በ1977 የመጨረሻ ማታ ቴህራን ላይ ለኢራኑ ንጉሥ ለሻሁ ጽዋ አንስተው ኢራንን «የመረጋጋት ደሴት» ብለዋል። የሻሁ እስረኞች ይኼን ሲሰሙ ምን እንዳሉ መገመት አያቅትም። ለቲመርማን ግን «ካርተር ግብዝ ስለሆኑ ስሜን አይጥሩ» በል ብትሉት ይሰማችኋል?

ዳር ቋሚ፦
እሺ፣ ለቲመርማን ደረሱለት። ለኢራናዊው ጸሐፊ ለምን አልደረሱለትም? እኔም ከመጀመሪያው ያልኩት ይኼንኑ ነው።

ጠያቂዋ፦
ትክክል ነህ። ግን መፍትሔው ለኢራናዊውም መጮህ ነው ወይስ ለአርጀንቲናዊውም ዝም ማለት? ሁለተኛው አሁን እየተሞከረ ስለሆነ እንየው። ሜይ 2025 ላይ ትራምፕ ሪያድ ሄደው፣ እንዴት እንደምትኖሩ ሊያስተምሩ የሚመጡት ምዕራባውያን ጊዜ አልፏል ብለው ተጨበጨበላቸው። ጁላይ ላይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሩቢዮ ለኤምባሲዎቻቸው ትእዛዝ ላኩ። ግልጽና አስገዳጅ ጥቅም ከሌለ በቀር የሌላ አገር ምርጫ ነጻና ፍትሐዊ ስለመሆኑ አስተያየት አትስጡ የሚል ነው። ግብዝነቱ ቀረ። በምርጫ ማግሥት የሚታሰረው ተቃዋሚ ምን አተረፈ?

ነገር ፈላጊ፦
ቀረ ይላሉ! ምክትላቸው ቫንስ በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ሙኒክ ላይ ምን አሉ? አውሮፓውያንን ፊት ለፊት ቁጭ አድርገው ስለ ንግግር ነጻነትና ስለ ሩማኒያ የተሰረዘ ምርጫ ገሰጿቸው። የ2020ን ምርጫ ውጤት አልቀበልም ያሉ ሰው ምክትል ናቸው እኮ። ግብዝነቱ አልቀረም፣ አድራሻ ነው የቀየረው።

የታሪክ ተማሪ፦
ዝም ማለትም መራጭ ሆነ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አንርሳ። ዩንን ያስቆመው ማን ነው? ማርች ላይ እጁን የጨበጠ እንግዳ አይደለም። የምክር ቤት አባላት በዚያ ሌሊት አጥር ዘልለው ገቡ። አፈ ጉባኤው ሳይቀሩ። ሠራተኞቹ ወንበርና ጠረጴዛ ደርድረው ወታደሩን አገዱ። ከ300 አባላት 190ው ተገኝተው 190ውም አዋጁ ይነሳ አሉ። ከገዛ ፓርቲው የመጡ ነበሩበት። ኤፕሪል 2025 ላይ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ አሰናበተው። ስለዚህ እኔ መሪ ውጭ ወጥቶ ሲሰብክ «ንጹሕ ነህ?» ብዬ አልጠይቅም። «አንተ ስታጠፋ የሚያስቆምህ ሰው ቤትህ አለ?» እላለሁ። ካለ ይናገር፣ እሰማዋለሁ።

ዳር ቋሚ፦
ይኼ መስፈርት ውሃ አያነሳም። የሚያስቆም ሰው መኖሩ የሚታወቀው ካጠፋ በኋላ ነው። እስከዚያ ስንት ጉባኤ ያስተናግዳል?

የሕግ ሰው፦
በቅድሚያ የሚታይ መስፈርት ላቅርብ። የሌላውን ምርጫ ልታዘብ የሚል አገር የራሱን ያስታዝባል ወይ? ይኼ በወረቀት አለ። በ1990 ኮፐንሃገን ላይ አሜሪካም አውሮፓም ታዛቢ ሊጋብዙ ፈርመዋል። የአውሮፓ የጸጥታና ትብብር ድርጅት ከ2002 ጀምሮ የአሜሪካን ምርጫ ይታዘባል። ሪፖርቱም ማባበያ የለውም።

ነገር ፈላጊ፦
ጋሼ፣ የቴክሳሱን ዘለሉት! በ2012 የግዛቲቱ ዋና አቃቤ ሕግ ለዚያው ድርጅት ደብዳቤ ጻፈ። ታዛቢዎቻችሁ ከምርጫ ጣቢያ በር 100 ጫማ ውስጥ ከተገኙ በወንጀል ሊያስጠይቃቸው ይችላል የሚል። 100 ጫማ 30 ሜትር ነው። ከ30 ሜትር ምን ይታዘባል?

የሕግ ሰው፦
ሰልፉን።