ለዛገና ማዕዘኑ ለተላጠ ብሎን የሚያዘልቅ ቫይስ ግሪፕ በምን ይመረጣል?

የፓምፕ ጠጋኝ፣ ዓለም ገና

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ በዓለም ገና፣ በሰበታና በአካባቢው የመስኖ ፓምፖችንና የወፍጮ ቤት ሞተሮችን መጠገን ነው። የፓምፖቹ ብሎኖች ክረምት ከበጋ ከውኃና ከጭቃ ስለማይለዩ ዝገው ከዳዷቸው ጋር ተጣብቀዋል፤ ከእኔ በፊት የነካቸው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በማይገጥም ቁልፍ ታግሎ ማዕዘናቸውን ስለሚልጠው፣ እኔ ስደርስ ለቁልፍም ለቡሶላም የሚመች ነገር አይተርፍም። በዚህ ምክንያት ነክሶ የሚቆለፍ ፒንሳ፣ ማለትም ቫይስ ግሪፕ ከሳጥኔ ተለይቶ አያውቅም።

የቸገረኝ የሚያዘልቅ ማግኘት ነው። መርካቶ የገዛሁት ባለ 10 ኢንች ሲታይ የሚያብረቀርቅ፣ ሲያዝም ከበድ የሚል ነበር፤ ነገር ግን ጥርሱ ቶሎ ተዳምጦ አሁን ብሎኑ ላይ ይንሸራተታል፤ እጀታው ሲቆለፍም መንጋጋዎቹ ወደ ጎን ይዛነፋሉ። ዋጋው ከፍ ያለ ለመግዛት ተዘጋጅቻለሁ፤ ሆኖም ውድ መሆኑ ብቻ ዋስትና አይሆነኝም። ለተላጠ ብሎን የሚሻለው የመንጋጋ ቅርጽ የትኛው ነው? ሱቅ ውስጥ ቆሜስ ጥራቱን በምን ልለይ? ልምድ ያላችሁ ባለሙያዎች ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

የከባድ መኪና መካኒክ፣ ቃሊቲ

ሰላም ወንድሜ። በመጀመሪያ ስለ ቅርጹ ልንገርዎ። ቀጥ ያለ መንጋጋ ላሜራና ጠፍጣፋ ብረት ለመያዝ የተሠራ ነው፤ የተላጠ ብሎን ላይ የሚነካው በሁለት ቦታ ብቻ በመሆኑ ጉልበት ሲበዛበት ይሾልካል። ጎበጥ ያለው መንጋጋ ግን ክብ የሆነውን የብሎን ራስ ከበብ አድርጎ በብዙ ነጥብ ስለሚነክሰው፣ ለእርስዎ ሥራ የሚሆነው እርሱ ነው። ባለ 10 ኢንች፣ ማለትም 250 ሚሊሜትር የሚባለውን ዋና መሣሪያዎ ያድርጉት፤ ጠባብ ቦታ ለሚገቡ ትንንሽ ብሎኖች ደግሞ ባለ 7 ኢንች ቢጨምሩ ይጠቅማል።

ጥራቱን በተመለከተ አብዛኛው ገዢ የሚያየው ንጣቱን ነው፤ ኒኬል ቅቡ ግን ከሥሩ ስላለው ብረት ምንም አይነግርዎትም። እኔ ወደ ሱቅ ስሄድ ትንሽ ሞረድ ኪሴ ውስጥ ይዤ እሄዳለሁ። ባለሱቁን አስፈቅደው የአንዱን ጥርስ ጫፍ በሞረዱ ቀስ ብለው ይሞክሩት፤ ሞረዱ ነክሶ ብናኝ ካወጣ ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ገንዘብዎን ይዘው ይውጡ። ሞረዱ እንደ መስታወት ላይ ከተንሸራተተ ግን ጥርሱ በእሳት ጠንክሯል ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ በመንጋጋዎቹ ጫፍ መካከል ወረቀት አስገብተው ይቆልፉትና አውጥተው በሁለቱም በኩል የታተመውን ምልክት ያስተያዩ፤ የአንዱ ጎን ጠልቆ የሌላው ከሳሳ መንጋጋው የተዛነፈ ነው።

ከሁሉ በላይ የማተኩረው ግን መንጋጋውንና እጀታውን በሚያያይዙት ፒኖች ላይ ነው። ይህ መሣሪያ የሚቆለፈው ሲዘጋ በውስጡ ያለው ማገናኛ ብረት ከፒኖቹ ጋር በአንድ መስመር ላይ ደርሶ ያን መስመር በጥቂቱ ስለሚያልፍ ነው፤ የእጅ ጉልበት እጅግ የሚበዛውም በዚያች የመጨረሻ ቅጽበት ነው። ፒኑ በቀዳዳው ውስጥ ልል ከሆነ ያ ሁሉ ጉልበት ክፍተቱን በመሙላት ያልቃል፤ ብሎኑ ላይ የሚደርሰው ትራፊው ነው። ስለዚህ ከመቆለፍዎ በፊት ሁለቱን መንጋጋዎች ይዘው ወደ ጎን ያወዛውዟቸው፤ ሲንኳኳ ከሰሙ ይተዉት። እጀታው ጫፍ ላይ ያለው ማስተካከያ ብሎንም ፊሌቶው (ጥምዝ ጥርሱ) ሳይንገጫገጭ መዞር አለበት።

ስለ ስም ከተነሳ፣ ቫይስ ግሪፕን የፈጠረው በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት፣ ደ ዊት በምትባል ትንሽ ከተማ ይኖር የነበረው የዴንማርክ ተወላጁ አንጥረኛ ዊሊያም ፒተርሰን ሲሆን፣ የሚቆለፈውን እጀታ በ1924 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። የደ ዊት ፋብሪካ በዚያው አቆጣጠር በ2008 ተዘግቶ ምርቱ ወደ ቻይና ተዛውሯል። ምናለሽ ተራ ወይም ሶማሌ ተራ ሲዘዋወሩ «ፒተርሰን» እና «ደ ዊት» የሚል ጽሑፍ የተቀረጸበት አሮጌ ካጋጠመዎት፣ ፒኑ እስካልላላና ጥርሱ እስካልተዳመጠ ድረስ፣ ከብዙው አዲስ ምርት እርሱን እመርጣለሁ። ከአዲሶቹ መካከል ደግሞ መንጋጋው ከክሮም ቫናዲየም ብረት ተቀጥቅጦ የተሠራውን ይፈልጉ፤ የጀርመኑ መሣሪያ አምራች ክኒፔክስ እንዲህ ያለ ያመርታል።

በያጅ፣ ገላን

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ አጠቃቀሙ ነው፤ ጥሩ መሣሪያም ቢሆን አላግባብ ከተያዘ ጥርሱን ይጨርሳልና። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ብሎኑንና ዳዶውን ከውስጥ ያጣብቃቸዋል፤ ይህን ጥብቀት በመንጋጋ ብቻ ለማሸነፍ መሞከር ብሎኑን መቁረጥ ነው። አስቀድመው በሽቦ ብሩሽ ያጽዱት፤ ዝገት ማስለቀቂያ ዘይት ቀብተው ቢቻል ያሳድሩት፤ የብሎኑን ራስ በመዶሻ መታ መታ ያድርጉት። ብዙ ሰው የሚገዛው ተራው የሚረጭ ዘይት ደብሊውዲ-40 በመሠረቱ እርጥበት ለማባረር የተቀመመ ስለሆነ፣ ከተገኘ ለዛገ ብሎን ተብሎ የተዘጋጀውን ቢመርጡ ይሻላል።

ሲይዙት ብሎኑ ወደ መንጋጋው ጉሮሮ ጠልቆ ይግባ፤ በጫፍ መያዝ ጥርስ ይሰብራል። አንድ ጊዜ ቆልፈው ይፍቱት፣ ማስተካከያውን ትንሽ ያጥብቁት፣ ከዚያ እንደገና ይቆልፉት። ሲያዞሩም መጀመሪያ በጥቂቱ ወደ ማጥበቂያው፣ ቀጥሎ ወደ መፍቻው እያመላለሱ ያላቁት። እጀታው ላይ ቱቦ አጥልቀው አያርዝሙት፤ ፒኑ የተሠራው ለእጅ ጉልበት ነው።

ዳዶውን በእሳት ማጋል ካስፈለገ ግሪፑን መጀመሪያ ያውጡት፤ ጠንካራ ጥርስ ሰማያዊ እስኪሆን ከጋለ ጥንካሬውን ያጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም። ወፍጮ ቤት ውስጥ ግን እሳት ፈጽሞ አይለኩሱ፤ በአየር ላይ ያለ የዱቄት ብናኝ ይፈነዳል። ሞተሩን ወደ ውጭ አውጥተው ይሥሩ።

የፓምፕ ጠጋኝ፣ ዓለም ገና

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የብሎኑ ራስ ፈጽሞ ተቆርጦ ከፓምፑ ገላ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ሲቀርስ? ግሪፑ ሊነክሰው ይችላል?

በያጅ፣ ገላን

መንጋጋው ጠልቆ የሚይዘው ካልሆነ አይሞክሩት፤ የቀረችውን ትንሽ ብረት ልጦ ይጨርሳታል። በቀረው ቁራጭ ላይ ዳዶ አስቀምጠው በመሐል ቀዳዳው በኩል በብየዳ ያያይዙት፤ ሙቀቱ ዝገቱን ያላቅቀዋል፣ አዲሱ ዳዶ ደግሞ ለቁልፍ የሚሆን ማዕዘን ይሰጥዎታል። ዳዶው ዚንክ የተቀባ ከሆነ ጭሱ ጎጂ ስለሆነ ቅቡን አስቀድመው በሞረድ ያንሱት፤ የፓምፑ ገላ ጁት (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ከሆነም ሳይቸኩሉ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ፣ ውኃ ካፈሰሱበት ይሰነጠቃል።