ቲሶ ሲስታር 1000 (43 ሚሊ)፦ የያዛችሁት ምን ትላላችሁ?

የሐይቅ ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለ የእጅ ሰዓት፣ ቲሶ ሲስታር 1000 ፓወርማቲክ 80፣ በጥሩ ዋጋ ቀርቦልኛል። ገጹ ጥቁር ነው፣ 43 ሚሊ፣ ከብረት ማሰሪያው ጋር። ሳጥኑም ወረቀቱም የለም። የእጄ ዙሪያ 16.5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ይበዛብኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ። የምፈልገው ለሥራም ለዋናም የሚሆን አንድ ሰዓት ነው። ክረምት ከበጋ እዚህ እስራኤል ወደ ኢላት እየወረድን በቀይ ባሕር ስኖርክል እናደርጋለን፤ ከዚያ ያለፈ ጥልቀት የለኝም። «ውስጡ ፕላስቲክ ነው፣ ከተበላሸ ይጣላል» የሚል ነገር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ከመግዛቴ በፊትስ በእጄ ይዤ ምን ልፈትሽ?

ሞላ
ከፕላስቲኩ ልጀምር፤ ግማሽ እውነት ነው። ፓወርማቲክ 80 የሰዓቱ ማሽን ስም ነው፤ ኢቲኤ 2824-2 የሚባለው የድሮ ማሽን ልጅ ነው። አባቱ በሰዓት 28,800 ምት ይመታል፣ አንዴ ከሞላ ወደ 38 ሰዓት ይሄዳል። 80 ሰዓት ለማድረስ ሁለት ነገር ቀየሩ። ሞላው የሚጠቀለልበትን ዘንግ አቀጠኑትና ረዘም ያለ ሞላ አስገቡ፤ ምቱንም ወደ 21,600 አወረዱት። ለዚህ ነው የሰከንድ ቆጣሪው ከ2824 ትንሽ ሻካራ ሆኖ የሚታየው፦ በሰከንድ ስምንት ጊዜ መርገጡ ቀርቶ ስድስት ጊዜ ይረግጣል።

ፕላስቲክ የሚሉት የማምለጫ ጥርሱንና ሹካውን ነው፤ ማለትም የሞላውን ጉልበት በጥቂት በጥቂቱ ለሚዛኑ (ወዲያና ወዲህ ለሚወዛወዘው መንኮራኩር) የሚለቁትን ሁለት ክፍሎች። ብዙዎቹ ሲስታሮች ውስጥ ያለው 80.111 የሚባለው ማሽን ሲሆን በእሱ ላይ እነዚህ ክፍሎች ከሰው ሠራሽ ቁስ ነው የተሠሩት። ቀላል ናቸው፣ ማግኔት አይዛቸውም፣ ዘይትም ብዙ አይጠይቁም። በራሱ ጉድለት አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ማሽኑ ማስተካከያ ምላስ የለውም። 2824 ላይ ሠሪው ጀርባውን ከፍቶ ምላሷን በጸጉር ታህል ገፋ ያደርግና በቀን 15 ሰከንድ የሚቀድመውን ወደ 3 ያወርደዋል፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ፓወርማቲክ ግን ፋብሪካ ውስጥ ሚዛኑ ራሱ ላይ ተስተካክሎ ነው የሚወጣው። የሠፈር ሠሪ ከፍቶ ምላሷን ሲያጣት «ይሄ አይነካም» ብሎ ይመልስልሃል። በዚያ ላይ የቲሶ ባለቤት የሆነው ስዋች ግሩፕ መለዋወጫ ለማንም ሠሪ አያድልም። ስለዚህ ያገለገለ ስትገዛ ዋናው ጥያቄ «አሁን ስንት ሰከንድ ይስታል?» ነው፤ በርካሽ የሚስተካከል አይደለምና።

አለካኩ እንዲህ ነው፦ ሙሉ በሙሉ ሙላው፣ ከስልክህ ሰዓት ጋር በሰከንድ አስተካክል፣ ሰባት ቀን አድርገው፣ በየማታው በተመሳሳይ ሰዓት ልዩነቱን ጻፍ። የአንድ ቀን ልኬት አያስተማምንም። ማታ ስታወልቀው በጀርባው ብታስተኛውና መሙያውን (በጎኑ ያለችውን የምትዞር ቁልፍ) ወደ ታች አድርገህ በጎኑ ብታቆመው ውጤቱ ይለያያል። በቀን የሚቀድም ከሆነ ሌሊት የሚዘገይበትን አቀማመጥ ፈልግለት፤ ነጻ ማስተካከያ ነው።

በድንገት በቀን ደቂቃዎችን መቅደም ከጀመረ ደግሞ ማሽኑ ተበላሸ አትበል። ጸጉር ምንጩን (ሚዛኑን የሚያወዛውዘውን ቀጭን ጥምዝምዝ) ማግኔት ይዞታል፣ ጥምዝምዙ ተጣብቆ አጥሯል ማለት ነው። የላፕቶፕ ክዳን፣ የቦርሳ መቆለፊያ፣ ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋን ያደርጉታል። የስልክህን ኮምፓስ ከፍተህ ሰዓቱን አስጠጋው፤ መርፌው ከተወዛወዘ መልሱ ተገኘ። ማግኔት ማጥፊያዋ ትንሽ ሳጥን ናት፦ ሰዓቱን ላይዋ ታስቀምጣለህ፣ ቁልፉን እንደተጫንክ ሰዓቱን ቀስ ብለህ ግማሽ ሜትር ያህል ታርቃለህ፣ ከዚያ ነው ቁልፉን የምትለቀው። ሳያርቁ መልቀቅ ባሰበት ያደርገዋል።

ጎሚኒ
ስለ ውሃው እኔ ልመልስ። ስሙ ላይ ያለው 1000 በጫማ ነው፤ ወደ ሜትር ሲመጣ 300። ጥልቀት በጨመረ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ ወደ 1 ባር ይጨምራል፤ አንተ በስኖርክል ሁለት ሦስት ሜትር ብትወርድ የሰዓቱን አቅም ጫፉንም አትነካውም። ሲስታር ውሃ የሚገባበት ጥልቀት በዝቶበት አይደለም። ወይ መሙያው ሳይጠብቅ ይቀራል፣ ወይ ጎሚኒው (ውሃ የሚከለክለው የላስቲክ ማሸጊያ) አርጅቷል።

መሙያው በጥርስ የሚጠብቅ ነው። ስትዘጋው እንዲህ አድርግ፦ ወደ ውስጥ ገፋ አድርገህ መጀመሪያ ወደ ግራ (ወደ መፍቻው) በቀስታ አዙር። ቀጭን «ጠቅ» ትሰማለህ፤ ጥርስ ከጥርስ የተገናኘባት ቦታ እሷ ናት። ከዚያ ወደ ቀኝ አጥብቅ። ይህን ዘሎ በግድ የሚያዞር ሰው ጥርሱን ያንሻፍፈዋል፣ አንዴ ከተንሻፈፈ ደግሞ ቱቦውም መሙያውም ካልተቀየሩ ውሃ አይከለክልም። ያገለገለ ስታይ መጀመሪያ የምትነካው ይህን ነው፤ ሲጠብቅ ለስላሳ መሆን አለበት፣ መሃል ላይ መያዝ የለበትም።

ሁለተኛ፣ ሻጩ መቼ እንደተከፈተ ካላወቀ ጎሚኒው እንዳረጀ ቁጠረው። ግፊት መሞከሪያ ማሽን ያለው ሠሪ ዘንድ ወስደህ የጀርባውን ጎሚኒ አስቀይርና አስለካ። ከዚያ በኋላ በጨው ውሃ የምትጠቀምበት ከሆነ በዓመት አንዴ ማስለካት በቂ ነው። ቤት ውስጥ የምትሠራት ፈተናም አለች፦ ሰዓቱን እስኪሞቅ ድረስ (40 ዲግሪ ገደማ፣ ከዚያ አይለፍ) አሙቀውና መስታወቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ አድርግ። አንድ ደቂቃ ጠብቀህ ጥረገው። ከውስጥ በኩል ጉም ከያዘ እርጥበት ገብቷል፤ ባሕር ሳይሆን ሠሪ ቤት ነው የሚሄደው።

ቀይ ባሕር ከብዙ ባሕሮች የበለጠ ጨዋማ ነው። ከውሃ እንደወጣህ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው፣ እያለቀለቅህም ቀለበቱን (በመስታወቱ ዙሪያ ያለውን የሚዞር ጠርዝ) ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው። ጨውና አሸዋ ከቀለበቱ ሥር ሲደርቅ ነው «ቀለበቱ ደረቀብኝ» የሚባለው። ከደረቀ ለብ ባለ ውሃ ከሳሙና ጋር ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈህ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ጠርዙን ዙሪያውን ፈትገው። ዘይት አትጨምርበት፤ አሸዋውን ይይዝልሃል። ሙቅ ሻወርና ሳውና ግን ይቅርብህ። ብረቱና ጎሚኒው በሙቀት እኩል አይሰፉም፣ እንፋሎት ደግሞ ውሃ የማያልፍበትን ያልፋል።

አንጓ
16.5 ላይ 43 ይከብዳል፤ አልዋሽህም። ውፍረቱ 12.7 ሚሊ ነው፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ (ማሰሪያው ከሚያያዝባቸው ጫፍ እስከ ጫፍ) ደግሞ ወደ 50 ይጠጋል። የእጅህን ዙሪያ ሳይሆን ሰዓቱ የሚያርፍበትን ጠፍጣፋ ስፋት በማስመሪያ ለካ። ከ50 በታች ከሆነ ጆሮዎቹ አየር ላይ ይንጠለጠላሉ።

ሌላው ማንም የማይነግርህ ነገር የማሰሪያው ስፋት 21 ሚሊ መሆኑ ነው። ገበያው የሞላው በ20 እና በ22 ነው። 20 ብታስገባ በግራና በቀኝ ግማሽ ግማሽ ሚሊ ክፍተት ይታያል። 22 የናይለን ወይም ለስላሳ ቆዳ ከሆነ ተጨፍልቆ ይገባል፣ ጠንካራ ጎማ ግን አይገባም። ስለዚህ የብረት ማሰሪያው ሁሉም አንጓዎች ከነትርፎቹ መኖራቸውን ጠይቅ። ሻጩ ለራሱ እጅ አሳጥሮ ትርፎቹን ጥሎ ከሆነ እና የእሱ እጅ ካንተ ከቀጠነ ጉድህ ፈላ። ስታሳጥር ስፒሉን በቀስቱ አቅጣጫ አውጣ፣ በተቃራኒው መልስ፤ ከሁለቱም ወገን እኩል ቀንስ፣ አለዚያ መቆለፊያው ወደ ጎን ይሸሻል።

መጠኑ ካስጨነቀህ ሲስታር በ40 ሚሊም ወጥቷል። ሰርቲና ዲኤስ አክሽን ዳይቨርም በ38 እና በ43 አለ፤ ማሽኑ ያው ፓወርማቲክ 80፣ ውሃውም ያው 300 ሜትር፣ ግን የጠላቂ ሰዓት መስፈርቱን አይኤስኦ 6425 ያሟላል። መስፈርቱ እያንዳንዱ ሰዓት ከተጻፈበት ግፊት 25 በመቶ አልፎ እንዲፈተሽ ያዛል። የሚዶ ኦሽን ስታር 200 ቀጠን ያለ የቢሮ መልክ አለው። ሁሉም የአንድ ቤት፣ የስዋች ግሩፕ፣ ልጆች ናቸው።

ሞላ
ሠሪ በቀላሉ የሚያስተካክለው ከፈለግክ ከዚህ ቤት ውጪ ግላይሲን ኮምባት ሰብን እይ። 42 ሚሊ ቢሆንም ውፍረቱ 10.6 ብቻ ነው፣ ማሰሪያው 22፣ ውስጡ 2824 ወይም መንታው ሴሊታ። ምላሷ አለች። በምትኩ 200 ሜትር ነው፣ ቀለበቱ አሉሚኒየም ስለሆነ ይጫጫራል፣ ዓርብ አውልቀኸው እሑድ ጠዋት ቆሞ ታገኘዋለህ። የሲስታሩ ሴራሚክ ቀለበት አይጫጫርም፣ ግን ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ሊሰነጠቅ ይችላል። ምርጫው ያንተ ነው።

የሐይቅ ዳር
በጣም አመሰግናለሁ። ጠፍጣፋውን ለካሁ፣ 53 ሚሊ ነው፤ እንግዲህ ይሄዳል። ኮፒ አለመሆኑንስ በምን ልለይ? አንድ ሌላም አለ፦ ሰዓቴን ሁልጊዜ በእኛ አቆጣጠር ነው የምሞላው። ቀኑ በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ገና ብርሃን እያለ ሲቀየር አይቻለሁ፤ ይጎዳዋል?

አንጓ
ለኮፒው ከሁሉ የሚሻለው ፈተና 80 ሰዓቱ ራሱ ነው። መሙያውን ፈትተህ በእጅህ ወደ 40 ዙር ሙላ (ሲሞላ ሞላው ውስጥ ይንሸራተታል፣ አይበጠስም) ከዚያ ሳትነካው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው። ዓርብ ማታ የሞላኸው ሰኞ ማታ እየሄደ መሆን አለበት። ኮፒ ውስጥ የሚገባው ርካሽ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜን ተሻግሮ እሑድ ላይ ይቆማል። ኦርጅናል ሆኖ እሑድ ከቆመ ደግሞ ሰርቪስ ይፈልጋል፤ ዋጋውን በዚያ ልክ አውርደህ ተደራደር። ስትሞላ በጀርባው መስታወት ተመልከት፦ ሮተሩ (እጅህ ሲንቀሳቀስ እየዞረ ሰዓቱን የሚሞላው ግማሽ ክብ ብረት) አብሮህ በፍጥነት የሚሽከረከር ከሆነ መቀያየሪያ ጥርሶቹ ደርቀዋል ወይም ቆሽሸዋል። የ2824 ቤተሰብ የታወቀ በሽታ ነው።

ጳጉሜ
የኢትዮጵያ ሰዓት ላይ ልግባ፤ ይህን የሰዓት መመሪያ ወረቀት አይነግርህም።

አይጎዳውም። ማሽኑ የሚያውቀው ቆጣሪው 12ን ሁለት ጊዜ ማለፉን ብቻ ነው፤ ከሁለቱ በአንዱ ቀኑን ይገፋል። በእኛ አቆጣጠር ከሞላኸው ያ ወይ ጠዋት 12 ወይ ማታ 12 ላይ ይውላል። ጠዋት እንዲሆን ከፈለግክ መሙያውን እስከ መጨረሻው ደረጃ ሳበውና ቀኑ እስኪዘል ድረስ ቆጣሪውን ወደ ፊት አዙር። የዘለለባት ቅጽበት ጠዋት 12 ናት በል። ከዚያ ወደ ትክክለኛው ሰዓት ቀጥል፤ አሁን ማታ ከሆነ 12ን አንድ ጊዜ ደግመህ ማለፍ አለብህ።

ጥንቃቄው ይህ ነው፦ «ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 9 ቀን አትቀይር» የሚለው ምክር ለአንተ አይሠራም። ሕጉ በቆጣሪው አቀማመጥ ነው፤ ቀን ከሚዘልበት 12 በፊት 9 ላይ ከደረሰ ጀምሮ 3ን እስኪያልፍ ድረስ ጥርሶቹ ተያይዘዋል፣ በግድ ብትቀይር ሊሰበሩ ይችላሉ። በአንተ አሞላል ያ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ነው። ሁልጊዜ የሚያዋጣው ቆጣሪውን ወደ ታች፣ ወደ 6 ቁጥር አውርዶ ቀኑን በመሃለኛው ደረጃ መቀየር፣ ከዚያ ሰዓቱን መመለስ ነው።

ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር የምትይዝ ከሆነ ሥራ ይበዛብሃል። ቀለበቱ እስከ 31 ይቆጥራል፣ የእኛ ወር 30 ላይ ያልቃል። ስለዚህ በየወሩ መባቻ 31 ትታይሃለች፣ አንድ ጊዜ ትገፋታለህ፤ ጳጉሜ 1ን ጨምሮ በዓመት 12 ጊዜ። መስከረም 1 ጠዋት ደግሞ ከጳጉሜ 5 በኋላ 6 ይልሃል፣ 1 ላይ ለመድረስ 26 ጊዜ ትገፋለህ። ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት 25። በፈረንጁ ቢሆን በዓመት አምስት ጊዜ ብቻ ነው የምታስተካክለው።

ሁለቱንም ለማግኘት ይህን ሞክር፦ ሰዓቱን በእስራኤል ሰዓት ተወውና የቀለበቱን ሦስት ማዕዘን ወደ 6 ቁጥር አዙር። አሁን አጭሩ ቆጣሪ ፊት ለፊት ቀለበቱ ላይ የሚያሳየውን ለ5 አካፍለው። ቆጣሪው 9 ላይ ቢሆን ቀለበቱ 15 ይልሃል፤ ሲካፈል 3 ሰዓት። ባሕር ስትገባ ሦስት ማዕዘኑን መልሰህ ከደቂቃ ቆጣሪው ጋር ታገጥመዋለህ። ቀለበቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞረውም ለዚህ ነው፤ ድንጋይ ቢገፋው እንኳ ውሃ ውስጥ የቆየህበትን ጊዜ ያበዛብሃል እንጂ አያሳንስብህም።

የሐይቅ ዳር
የቀለበቱን ነገር አሁኑኑ በስዕል ሞከርኩት፣ ይሠራል። ዓርብ ማታ ሻጩ ፊት 40 ዙር ሞልቼ እዚያው ላስቀምጠው ተስማምተናል። ሰኞ ማታ እየሄደ ከጠበቀኝ እገዛዋለሁ።

ጎሚኒ
ሞልተህ ስትጨርስ መሙያውን አጥብቅ፤ መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ጠቅ እስኪል።