የነርስ ተማሪዎች የታካሚን ባህል እንዲያከብሩ እንዴት እናስተምራቸው?

ጥያቄ፦ የነርሲንግ መምህር

ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎቼ ለተግባር ልምምድ ወደ ሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት ስለ ታካሚ ባህልና እምነት የምንሰጣቸው ትምህርት ከሁለት ክፍለ ጊዜ አይበልጥም፤ እርሱም «ሙስሊም ታካሚ እንዲህ ነው፣ ኦርቶዶክሱ እንዲህ ነው፣ አርብቶ አደሩ እንዲህ ነው» በሚል ዝርዝር ያልቃል። ባለፈው ሴሚስተር ከወንድሙ ጋር በመኪና አደጋ ተጎድቶ ለገባ ታካሚ አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ መድኃኒት እየሰጠችው ወንድሙ በሌላው ክፍል ማረፉን ነገረችው። ዘመዶቹ ግን ሽማግሌ አሰባስበው በማለዳ መርዶውን ሊያረዱት ተዘጋጅተው ነበር። ስወቅሳት «ታካሚ እውነቱን የማወቅ መብት አለው ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት» አለችኝ፤ የምመልሰው አጣሁ። ዝርዝሩን ላስረዝመው ወይስ ሌላ መንገድ ታውቃላችሁ?

መልስ 1፦ አዋላጅ ነርስ

ዝርዝሩን ባያስረዝሙት እመርጣለሁ። ወሎ ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ምጥ ሲጠናባቸው «ማርያም ድረሺልኝ» የሚሉ ሙስሊም እናቶችን አዋልጃለሁ፤ በሌላ ቦታ ደግሞ አንድ ተማሪ ለሙስሊም እናት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ቤተሰቡን ሲያስቀይም አይቻለሁ። የትኛው ዝርዝር ነው ሁለቱን አንድ ላይ የሚይዘው?

እናቶች ጤና ጣቢያ መጥተው አንወልድም ሲሉ ለረጅም ጊዜ «ግንዛቤ የላቸውም» እያልን እንጽፍ ነበር። ቀርበን ስንጠይቃቸው ግን ተንበርክካ መውለድ የለመደች ሴት በጀርባዋ ተኝታ እግሯን ከፍታ በማታውቀው ወንድ ፊት መታየቷን፣ እናቷና ጎረቤቶቿ በር ላይ መቅረታቸውን፣ ከወለደችም በኋላ ገንፎ የሚያገነፋላት አለመኖሩን ነገሩን። በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ገንፎና ቡና የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ተማሪዎችዎ በመጀመሪያው ሳምንት መርፌ ከመያዛቸው በፊት አንዲት እናት አጠገብ ተቀምጠው ያዳምጡ እላለሁ።

መልስ 2፦ በእስራኤል የምሠራ ነርስ

እዚህ አገር በዕድሜ የገፉ የእኛ ሰዎች «ልቤን አመመኝ» ሲሉ አስተርጓሚው ቃሉን እንዳለ ያስተላልፈውና ታካሚው ወደ ልብ ምርመራ ይላካል። አማርኛ ለሚያውቅ ግን ያ ቃል ደረትንም፣ የሆድን የላይኛውን ክፍል ወይም ጨጓራንም፣ ሐዘንንም ሊያመለክት ይችላል፤ ስለዚህ «በእጅዎ ያሳዩኝ» ብሎ መጠየቅ ብዙ ድካም ያስቀራል።

እንዲሁም በ1996 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያውያን ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም ለእነርሱ ሳይነገር ይጣል እንደነበር ሲጋለጥ ብዙ ሺህ ሰው በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጥቶ ነበር። ያንን የሚያስታውስ ሽማግሌ ደም ሊቀዳ ሲሉ እጁን ቢሰበስብ «ኋላ ቀር እምነት» ብሎ መመዝገብ ስሕተት ነው። የማኦሪ ተወላጇ የኒው ዚላንድ ነርስ ኢሪሃፔቲ ራምስደን ይህን ነገር «የባህል ደኅንነት» ብላ ያስተማረችው፣ እንክብካቤው ደኅንነቱን የጠበቀ መሆኑን የሚፈርደው ነርሱ ሳይሆን ታካሚው ነው ከሚል መነሻ ነበር። የአገሪቱ የነርሶች ምክር ቤትም በ1992 እ.ኤ.አ. በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አስገብቶታል።

መልስ 3፦ የውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ

የተባለው ሁሉ መልካም ነው፤ ሆኖም ሌሊት ብቻውን ሙሉ ክፍል የሚጠብቅ ነርስ በየአልጋው ተቀምጦ ሊያዳምጥ አይችልም። ለተማሪ የሚጠቅመው በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። በሁዳዴ ለስኳር ታካሚ «ይጾማሉ? የንስሐ አባትዎንስ አማክረዋል?» ማለት በቂ ነው፤ ሕመምተኛ እንዳይጾም ካህኑ ሲፈቅድለት ከእኛ ምክር ይልቅ ይሰማል። በረመዳን የመድኃኒቱን ሰዓት ወደ ኢፍጣርና ሱሁር ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ ጸበል እሄዳለሁ ካለ «አይሂዱ» ሳይሆን «መድኃኒቱን ይዘው ይሂዱ፤ ስንት ቀን ይቆያሉ?» ይባላል። የተከለከለ ሰው መሄዱን አይተውም፤ የሚተወው ለእኛ መንገሩን ነው።

ቋንቋውን በማያውቁበት አካባቢ የሚመደቡ ተማሪዎችንም አይርሱ። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን የማሕፀን ሕመም ሲያስተረጉም አይቻለሁ፤ ማን እንደሚያስተረጉም ከመጀመሪያው ቀን ይወሰን።

ከጠያቂው፦

እጅግ አመሰግናለሁ። ለተማሪዬ መመለስ የነበረብኝ አሁን ገባኝ፤ መብቱ የታካሚው ከሆነ በማን አፍና መቼ እንደሚሰማም የሚመርጠው እርሱ ነው። ተማሪዎቼ በሚሞሉት የታካሚ ታሪክ ቅጽ ላይ «ከባድ ዜና ቢኖር በማን በኩል እንዲነገርዎ ይፈልጋሉ?» የሚል ጥያቄ እጨምራለሁ፤ የጾሙንና የአስተርጓሚውንም እንዲሁ። የቀረኝ ምዘናው ነው፦ ይህን በጽሑፍ ፈተና መመዘን አይሆንም ብዬ አስባለሁ፤ አልጋ አጠገብ ሆናችሁ የመዘናችሁ ካላችሁ ቅጻችሁን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።